ስማቸው የጠፋ ስምንት ምንጮች

ረድኤትን ስታለቅስ ያገኘኋት ረቡዕ ጠዋት ነው። ወለል የምወለውለው ሠራተኛ ሳይገባ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። በሩን በባልዲው ገፋ አድርጌ ስገባ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ አዜብ።»

«ታዲያ ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። በገዛ እጄ ነው» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሮቤ ውስጥ ያለው መሥሪያ ቤታችን የገጠር ውሃ ጉዳይ የሚሠራ ነው። እኔ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፤ እዚህ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ረድኤት ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከየገጠሩ የሚመጣውን መረጃ በኮምፒውተር አስተካክላ ወደ አዲስ አበባ የምትልክ እሷ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት። ሌሎቹ ባልዲዬን ተራምደው ሲያልፉ እሷ ወለሉ እስኪደርቅ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ስለዚህ ስታለቅስ ትቻት መውጣት አልቻልኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «ንገሪኝ» አልኳት።

«ብነግርዎትም…»

«እስከ አራተኛ ተምሬያለሁ። ንገሪኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ልጆች በሞተር ብስክሌት እየዞሩ ምንጮችን በስልክ ሲመዘግቡ ነበር፤ የት እንዳለ፣ ስሙ ማን እንደሚባል፣ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ። ከዚህ መዝገብ ውስጥ ተመርጠው አዲስ አበባ የሚደርሱት ምንጮች ዘንድሮ በሲሚንቶ ይገነባሉ፣ አጥር ይታጠርላቸዋል፣ ቧንቧ ይገባላቸዋል። ዝርዝሩ መሄድ ያለበት ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከጎባ በላይ ካለው ከጨፌ ሂንዴሳ የመጡ ስምንት ምንጮች ስማቸው ጠፍቷል።

ጨፌ ሂንዴሳ ስትል መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

«የኔ አገር እኮ ነው» አልኳት።

«ውይ እትዬ፣ እንግዲያውስ እርስዎም ያልቅሱ።»

መዝገቡን በኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ። እንደ ክፍል ስም መጥሪያ የተሰመረ ነው። አንዱ ዓምድ «የምንጩ ስም» ይላል፣ አጠገቡ ያለው «የአካባቢ መጠሪያ» ይላል። የኛን አገር የመዘገበው ባዳሳ የሚባል ልጅ ነው። ባዳሳ ስም የሚባለው መንግሥት የሚሰጠው ነገር መስሎት የመጀመሪያው ዓምድ ላይ በየመስመሩ የቀበሌውን ስም ጻፈ፤ ሕዝቡ የሚጠራበትን ደግሞ ሁለተኛው ላይ። ስምንቱም ምንጮች በመጀመሪያው ዓምድ «ጨፌ ሂንዴሳ» ሆኑ። ረድኤት ማድረግ የነበረባት ሶፍትዌሩን ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ገልብጥ ብሎ ማዘዝ ነበር። ትናንት ማምሻውን፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል፣ እየተጣደፈች በግልባጩ አዘዘችው። የቀበሌው ስም ሄዶ በእውነተኞቹ ስሞች ላይ ተቀመጠ።

«እሺ፣ አልተፋጠጡም? አንዱ ሌላውን አልገፋውም?» አልኳት።

«ኧረ አይጠይቅም፣ እትዬ። እዚያ የነበረውን አጥፍቶ ያስቀምጣል። ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ሥራ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን አንድ ማድረግ ነው። ስምንቱም አንድ ስም ስላላቸው ሰባቱን ጣላቸው።»

«ከሰነፍ ልጅ ደብተር ላይ ኮርጀሽ የራስሽን መልስ አጠፋሽዋ!»

እያለቀሰች ሳቀች። «በትክክል እንደዚያ ነው።»

ባዳሳ ጋ ደውላለች። ባዳሳ አንገቱ ወደሚባለው አገር ወርዷል፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚገኘው። ቢገኝም ስልኩ ላይ የነበረውን ልኮ እንዳበቃ አጥፍቶታል። ምንጮቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳዩት ነጥቦች በሌላ ፋይል ላይ ተርፈዋል። የሌለው ስማቸው ነው።

«ነጥቡ ካለ ስሙን ምን ያደርጉታል?»

«ግንበኞቹ በነጥብ አይሄዱም እኮ። መኪናቸውን ያቆሙና መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ‹እገሌ የሚባለው ምንጭ የት ነው› ይላሉ። አምና አንድ ቦታ ስሙ ስላልተጻፈ የመንገዱ ዳር ምንጭ ላይ ወሰዷቸው። እሱ ድሮ የተገነባ ነው። ‹ተገንብቷል› ብለው ፎቶ አንስተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስም የሌለው ምንጭ አይቀበሉም። ኃላፊያችንም ስም የሌለውን አውጪው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ብለዋል።»

ይሄ መሥሪያ ቤት «የሚቀጥለው ዓመት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛ ሥር ጠርጌ ያወጣሁት እሱን ነው።

«ነጥቦቹን አምጫቸው» አልኳት። «የዚያን አገር ውሃ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያደግኩት።»

ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ ላይ አገሬ መሆኑንም አላወቅኩትም፤ የተላጠ ቆዳ ነው የሚመስለው። ኋላ አንድ የሚያበራ ነገር አየሁና የሥላሴ ጣራ መሆኑን ሳውቅ ሌላው ሁሉ ተከትሎ መጣልኝ። ይሄ መስጊዱ። ይሄ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ። ይሄ የገብስ ማሳው፣ ይሄ ጥዱ። በቀይ ነጥብ ላይ ጣቴን እያስቀመጥኩ ጠራሁላት።

«ይሄ ሰባራ ገንዳ ነው። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ነበረው፣ የጉዲሳ በሬ ሰበረው። ይሄ ቡርቃ ዲማ፤ አፈሩ ቀይ ነው። እዚህ ልብስ አጥበን ቀልቶ ስንመለስ እንገረፍ ነበር።»

«ቡርቃ ምንድን ነው?»

«ምንጭ ነዋ! ሁለት ዓመት ባሌ ተቀምጠሽ!» አልኳት። «ይሄ የእመት እታፈራሁ። ጎመኗን የረገጠ ሰው ውሃም አይቀዳ ነበር። እሷ ዱላ ይዛ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች፣ እኛ እንስራችንን አዝለን በሆዳችን እንሳባለን። ይሄ ኮሶ ሥር። ይሄ ቀዝቃዜ፤ ጥርስ ይነቅላል። ይሄ አጋዘን ውሃ፤ ጠዋት ሳይነጋጋ ከሄድሽ አጋዘኖቹን ታገኛቸዋለሽ፣ ሴቶቹ ቆመው ያዩሻል፣ ወንዱ ነው የሚሮጠው።»

ረድኤት ትጽፋለች፣ ትስቃለች። እኔም እንደዚያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። የሞቱ ሰዎች፣ የተሸጡ ላሞች፣ ሁሉም ከየነጥቡ ሥር እየተነሱ መጡብኝ። ቡርቃ ጉዲሳንም ጨመርኩላትና አንድ ነጥብ ቀረ። ከቤታችን በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነው።

«ይሄ የእናቴ ነው» አልኳት። «የወለተ ማርያም ውሃ ብለሽ ጻፊ።»

እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ክረምት ሳይዘንብ አለፈ። ሰባራ ገንዳም ቀዝቃዜም ተሟጠጡ። እናቴ ከጓሯችን በታች አንድ ቦታ ላይ ሣሩ ለምን አይደርቅም ብላ ዶማ ይዛ ወረደች። አባቴ «ሣር አይተሽ ውሃ ልታወጪ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ጎረቤቱም ሳቀ። እሷ ደግሞ ትቆፍራለች። ታናሽ ወንድሜን ተሰማን አዝላ ነው የምትቆፍረው። እኔ አፈሩን በቁና እያወጣሁ እደፋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ጭቃው አቃሰተ፤ እውነቴን ነው፣ ድምፅ አለው። ከዚያ ወተት የመሰለ ውሃ መጣ። ማታውን ጠርቶ አደረ። በማግስቱ የሳቁት ሁሉ ቅል ይዘው ተሰለፉ። እናቴም አራስ ያለችበት ቤት መጀመሪያ ይቅዳ አለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ውሃ ላይ ወረፋው ሁሌም በአራስ ቤት ነው የሚጀምረው። እኔና ጓደኛዬ ሃጂራ ሰልፍ ለመቅደም እናቶቻችን አራስ ናቸው እያልን እንዋሽ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ እናቴን አራት ጊዜ አስወልጃታለሁ።

«ግን እትዬ» አለች ረድኤት፣ ፎቶውን እያቀረበች፣ «ነጥቡ ከዚህ ጥቁር ነገር በታች ነው። ደን አይደለም ይሄ? ከቤታችሁ በታች ደን አለ?»

«የለም። የደመና ጥላ ይሆናል።»

«የደመና ጥላ እንደዚህ ጠርዙ የተቆረጠ አይሆንም እኮ።»

«ፎቶው ከሰማይ ነው ያየው። እኔ ከምድር ነው የማውቀው። ማንን ነው የምትሰሚው?»

«እርስዎን» ብላ ጻፈችው።

ከዚያ ሶፍትዌሩን ደግማ አዘዘች፤ አሁን በትክክለኛው በኩል፣ ከ«የአካባቢ መጠሪያ» ወደ «የምንጩ ስም»። ከማዘዟ በፊት ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አንድ ጊዜ ተጫነች፣ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ወዲያኛው ዓምድ ላይ ቆመው ታዩ፣ እዚህኛው ላይ ያሉትም አልጠፉም። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የእናቴን ስም ተጽፎ ያየሁት እስከዚያ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ መቃብሯ ላይ በቆመው መስቀል። አሁን በአንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ አየሁት። ሻዩን ያን ቀን ለሁሉም ሠራተኛ ስኳር አብዝቼ አፈላሁ። ምን ሆነሽ ነው አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት ገበያ ወጣሁ። ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ጋ ጎንበስ ብዬ ስመርጥ አንድ እጅ እጄን መታኝ።

«አትምረጪ! እንዳለ ነው የሚሸጠው!»

ቀና ስል ሃጂራ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አልተያየንም። እናቴ የሞተች ጊዜ አብራኝ አልቅሳ ነበር፤ ከዚያ ወንድሜ ተሰማ ቤቱንና መሬቱን ለአንድ የጎባ ሰው ሸጦ ወደ ሻሸመኔ ሲሄድ እኔ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ እግሬ ይሄን አገር አይረግጥም» ብዬ ምዬ ወጣሁ። ሰው እንደዚያ ብሎ በዓመቱ ይመለሳል። እኔ አልተመለስኩም።

«አካም ጅርታ፣ ሃጂራ?»

«ፈያ ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። አላረጀሽም ልበልሽ ወይስ እውነቱን ልንገርሽ?»

«እውነቱን ተዪው።»

ሽንኩርቱን ትተን ማውራት ጀመርን። ልጆቿን፣ የልጅ ልጇን፣ ጉልበቷን። እኔም መቻል አቃተኝና ነገርኳት፤ ውሃችሁ ሊገነባ ነው፣ ስሙን ሁሉ እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ የእናቴም ስም አዲስ አበባ ሊሄድ ነው አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ሃጂራ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አዬ አዜብ፣ የእናትሽ ውሃ እኮ ደርቋል።»

«ማን አለ?»

«ማን ይላል? እኔ ነኝ የምልሽ! አራት ዓመቱ ነው። መሬቱን የገዛው ሰውዬ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ተከለው። ዛፉ ጠጣው።»

«ነጥብ አለ እኮ! ባዳሳ የሚባል ልጅ መጥቶ መዝግቧል! የደረቀ አይመዘገብም!»

«እሱማ የጫሊን ነው የመዘገበው። እኔው ነኝ ይዤው የወረድኩት። ከዛፉ በታች ጫሊ የቆፈረው አለ። ቡርቃ ጫሊ ነው የምንለው።»

«ጫሊ ደግሞ ማነው?»

«ከጎሮ ለአጨዳ መጥቶ እዚያው ያገባ ልጅ ነው። ጴንጤ ነው። ውሃችን ሲደርቅ ተነስቶ ቆፈረ። ሳቅንበት። ከጎሮ የመጣ ሰው ለኛ ውሃ ሊያሳየን ነው አልን። ወላሂ፣ ሁለት ወር ቆፈረ።»

ደሜ ፈላ። በሃጂራ ነው የተናደድኩት፤ ባሕር ዛፉን የተከለችው እሷ ይመስል። «ዓይኔ ካላየ አላምንም» አልኳት።

«ታዲያ ኮቱ! እንሂድ! ሚኒባሱ ያው። ወይስ እግርሽ አይረግጥም?»

በዚህ ቃሏ ነው የሄድኩት። ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ደውዬ አሞኛል በልልኝ አልኩት። ጎባ በሚኒባስ፣ ከጎባ መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሃጂራ ከፊቴ ትሄዳለች፣ ጉልበቷን እያማረረች ግን አትደክምም። እኔ ከኋላዋ። ስለ መሐላዬ አንድም ቃል አላነሳችብኝም፤ ብታነሳ ተመልሼ ነበር።

ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። አላየሁትም ማለት ይሻላል። ወደ ታች ስንወርድ ያ የደመና ጥላ ያልኩት ነገር ቆሞ ጠበቀኝ፤ ባሕር ዛፍ፣ በሰልፍ የተተከለ፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ። ረድኤት ያለችው ልክ ነበር።

የእናቴ ውሃ መካከሉ ላይ ነው። ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው። እንስራችንን የምናስቀምጥበት ጠፍጣፋው ድንጋይ አለ፤ በእግራችን ተረከዝ የጎደጎደው ቦታ እንኳ አለ። ውስጡ ቅጠል ሞልቶታል። ቅጠሉን በእጄ ገፍቼ አፈሩን ነካሁት፤ ዱቄት ሆኗል። አንድ ቢጫ የጀሪካን ክዳን አገኘሁ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ቀን የቆፈረችውን፣ ተሰማ ጀርባዋ ላይ ሲያለቅስ ቀና የማትለውን አሰብኩ። ያንን ጊዜ ስንት ዓመት በልቤ ይዤ ስዞር ውሃው አብሮኝ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር። ሮቤ ላይ ቧንቧ ስከፍት እንኳ ያኛው እንደዚያው እየፈሰሰ ነው እያልኩ ነው የምከፍተው።

ሃጂራ «ነይ ውሃ ጠጪ» አለችኝ።

ከዛፉ በታች አርባ እርምጃ ያህል ስንሄድ ጀሪካን ተሰልፏል፣ ቢጫ በቢጫ። ውሃው ጥሩ ነው፣ ዙሪያው ግን ጭቃ ነው፤ ከብቱም እዚያው ይገባል። አንድ ቀጭን ሰው ላሞቹን በጅራፍ እያባረረ ነበር። ጫሊ ነው። ሃጂራ ማን እንደሆንኩ ስትነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

«የእመት ወለተ ማርያም ልጅ ነዎት? ስማቸውን ሰምቻለሁ። እኔ ከላይ ከሳቸው ድንጋይ ተነስቼ ነው እርጥቡን እየተከተልኩ የወረድኩት።»

«ታዲያ ያው ውሃ ነው!» አልኩኝ። ድምፄ ጮኸ፤ ልጃገረዶቹ ዞረው አዩኝ። «ከሷ ውሃ ነው የመጣው!»

«ይሆናል፣ እትዬ። አላውቅም። ከመሬት በታች ያለውን ማን ያውቃል?»

«ሃጂራ፣ ሰማሽ? ያው ውሃ ከሆነ ስሙም ያው ነው!»

«እኔን ምን ታሳምኚኛለሽ?» አለች ሃጂራ። «እኔ እናትሽን አውቃታለሁ። ግንበኞቹ ሲመጡ መንገድ ላይ የሚያገኙት እኔን አይደለም፤ እነዚህን ነው።» ወደ ልጃገረዶቹ ጠቆመች። «ይሄው ክረምቱን የልጅ ልጄ በሆድ ሕመም ሁለት ጊዜ ጎባ ሆስፒታል ተኝታለች። ይሄ ጭቃ ነው ያስተኛት። ጠይቂያቸው እስኪ።»

ፊት ላይ የቆመችውን ጠየቅኳት። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። «የኔ ልጅ፣ የወለተ ማርያም ውሃ የሚባለው የት ነው?»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ወደ ባሕር ዛፉ ጠቆመች። «እዚያ። ግን ደርቋል፣ ምንም የለውም። ለምን ፈለጉት?»

ሃጂራ በጣሳ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ጥሩ ነው። የእናቴን ይመስላል ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የእናቴ ምን ምን ይል እንደነበር ረስቼዋለሁ። ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ረድኤትን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ስታየኝ ደነገጠች።

«አሞዎት አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው። ክፈቺ፤ ሰባተኛው መስመር ልክ አይደለም።»

ተቀምጣ ከፈተች። ነገርኳት፤ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ጫሊ፣ ስለ ልጅቷ። ተሳስቼ ነበር ለማለት አንደበቴ ከበደኝ፤ ሆኖም አልኩት። ረድኤት ግን ቶሎ አልጻፈችም። ወደኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ነጥቡ ትክክል ነው እኮ። ስሙ ብቻ ነው። ሁለቱንም አብረን ብንጽፈውስ? የወለተ ማርያም፣ በቅንፍ ጫሊ።»

«ግንበኛ ቅንፍ ያነባል?»

«አያነብም» አለች። «ወይም ‹የወለተ ማርያም ውሃ› እንዳለ ይቅርና እኔ ለግንበኞቹ ልደውልላቸው። ማንም አያጣራውም። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አልዋሽም፣ ልቤ ሄደ። እሷ ደውላ ትነግራቸዋለች፣ እነሱ ይገነባሉ፣ ሲሚንቶው ላይ የእናቴ ስም ይቀረፃል። ማን ይጎዳል? ከዚያ ይሄው መሥሪያ ቤት ሲደወል ስልክ የሚያነሳው ስንት ጊዜ እንደሆነ አሰብኩ። ረድኤት እረፍት ብትወጣስ? ግንበኞቹ ሚያዝያ ላይ ይመጣሉ፣ ያቺን ልጅ መንገድ ላይ ያገኟታል፣ እሷም ቀጥ ብላ ወደ ባሕር ዛፉ ትጠቁማለች። ደርቋል ብለው ፎቶ ያነሳሉ። የሃጂራ የልጅ ልጅ ሌላ ክረምት ትተኛለች። በእናቴ ስም።

«አጥፊው» አልኳት።

«እርስዎ ያጥፉት እንግዲህ፣ እኔ አልችልም» አለችና ቁልፉን አሳየችኝ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት አንድ ፊደል ይበላል፣ ከመጨረሻው ጀምሮ ነው። ተጫንኩ። ውሃ ጠፋ። ከዚያ ማርያም ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። «ወለተ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሰዓቱን አየሁ፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው። ጨረስኩት።

ባዶው ቦታ ላይ አንድ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።

«አሁን ቡርቃ ጫሊ በዪ» አልኳት። ጻፈች። ያለቀው በጣም ቶሎ ነው።

ከዚያ እንደ ረቡዕ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከ«የአካባቢ መጠሪያ» ወደ «የምንጩ ስም»። ተጫነች። ወዲያኛውም ላይ ቡርቃ ጫሊ ሆነ፤ የእናቴ ስም በሁለቱም በኩል የለም። እኔ ተነስቼ ቆሜ ከትከሻዋ በላይ ከአንድ እስከ ስምንት ቆጠርኩ። ሰባራ ገንዳ፣ ቡርቃ ዲማ፣ የእመት እታፈራሁ፣ ኮሶ ሥር፣ ቀዝቃዜ፣ አጋዘን ውሃ፣ ቡርቃ ጫሊ፣ ቡርቃ ጉዲሳ።

«ሌሎቹንስ እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ ረድኤት ቀስ ብላ።

ረቡዕ ዕለት ብትጠይቀኝ እቆጣት ነበር። ስልኬን አወጣሁና ሃጂራ ጋ ደወልኩ። እስክታነሳ ድረስ ረድኤትም እኔም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየን ነበር። አነሳች። ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠራሁላት፣ እሷም በየተራ «አለ»፣ «አለ» እያለች መለሰችልኝ። አጋዘን ውሃ ላይ ብቻ «ትንሽ ቀንሷል፣ ግን አለ» አለች።

«ላኪው» አልኳት ረድኤትን።

ላከችው።